በአየር ላይ የጠየቁልኝ ይቅርታ

ይድረስ ለውድ አባቴ ለመሪጌታ ዘገዬ፣
ጎባ።

አባዬ፣ ጊዜው የትንሣኤ ነውና «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ብዬ ልጀምር። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የጎባ ብርድ ዘንድሮ በኪዳን ሰዓት አላስቸገረዎትም? ያ ደረቅ ሳል ካልተመለሰ ተመስገን ነው። እማዬ እንደምን ናት? የእጇ ቁርጥማት ቀለል አላት? ታናሽ እህቴ እንቁስ ለፈተናዋ እየተዘጋጀች ነው ወይስ እንደ እኔ እስከ መጨረሻው ሳምንት ትዞራለች? የበልጉ ገብስ በቀለ? ዝናቡስ ጊዜውን ጠብቆ መጣ? ይህን ሁሉ የምጠይቀው ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል ብዬ አይደለም። የሁላችሁም ነገር ሰሞኑን በሐሳቤ እየተመላለሰ አላስቀምጥ ስላለኝ ነው።

እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልለፈው ነበር። ግን እርስዎ «በሰላምታ ውስጥ የገባ ውሸትም ውሸት ነው» እያሉ ነው ያሳደጉኝ። በአካሌ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ። ልቤ ግን አንድ ቦታ አይረጋም። ይህን ደብዳቤ እንኳ ስድስት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት ጀመርኩት፣ ገጹ ሳይሞላ ተነስቼ አራት ኪሎ ድረስ በእግሬ ወረድኩ። ሐውልቱን ዞርኩት፣ እንደገና ዞርኩት። ጠባቂው «እህት፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» አለኝ። «አንዲት ቀን ጠፋችብኝ» አልኩት። በሐዘኔታ አየኝና ሄደ። አሁን ፒያሳ፣ እትዬ አልጋነሽ ሱቅ ባንኮኒ ላይ፣ በጧፍ ጥቅልና በጃንጥላ መካከል ወረቀቴን ዘርግቼ ነው የምጽፍልዎ። እህትዎ በመነጽሯ በላይ አሻግራ እያየችኝ «ይሄን ያህል የምትጽፊው ለጳጳስ ነው እንዴ?» ትለኛለች።

በስልክ ያልነገርኩዎ ለምን እንደሆነ ያውቃሉ። በበዓሉ ዕለት ስደውልልዎ «ተይው ልጄ፣ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ይቅርታ ጠይቄልሻለሁ፤ አለቀ» ብለው ስልኩን ለእማዬ አቀበሏት። እማዬም «አባትሽን አታስጨንቂው፣ ደሙ ከፍ ይላል» አለችኝና ስለ እንቁ ጫማ ማውራት ጀመረች። ወረቀት ግን ለሌላ ሰው አቀብለው የሚገላገሉት ነገር አይደለም። የጎባዋ ወይዘሮ ረይሀና ለሱቃቸው ጨርቅ ሊገዙ መርካቶ መጥተው ማክሰኞ ስለሚመለሱ በእርሳቸው እጅ ልኬዋለሁ። እባክዎ መነጽርዎን አድርገው እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ አባዬ፣ ይቅርታ የጠየቁልኝ ባልሠራሁት ጥፋት ነው።

ሥራዬን ያውቁታል። ጣቢያው ውስጥ «ቀኑ በታሪክ» የሚባለውን ክፍል የማዘጋጀው እኔ ነኝ፣ የሚያነበው ማቲያስ ነው። ድምፁ ያማረ ነው፤ ያን አልክድም፤ የታክሲ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። በዚያች ዕለት በየዘመኑ የሆነውን ፈልጌ፣ አመሳክሬ፣ የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ መልሼ የምጽፈው ግን እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሜ አንድም ቀን በአየር ላይ ተጠርቶ አያውቅም። እርስዎ የጎረቤት ልጅ ሶፊያ በስልክዎ ላይ በጫነችልዎ ሬዲዮ ጠዋት ጠዋት እያዳመጡ፣ እማዬን «ስሟን መቼ ነው የሚጠሩት?» እንደሚሏት እንቁ ነግራኛለች። ይህን ስሰማ አልቅሻለሁ። አንድ ቀን ይጠሩታል ብዬም ራሴን አጽናንቼ ነበር። ይኸው ጠሩት።

ለሚያዝያ 27 የበዓል ዝግጅት አንድ ሳምንት ለፍቻለሁ። ይህን ቀን እወደዋለሁ። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ በ1933 ዓ.ም. በዚያው በሚያዝያ 27 ንጉሡ ተመልሰው ገቡ። ከተማዋ ወር ገደማ ቀደም ብላ ከጠላት እጅ ወጥታ ነበር፤ መግቢያው ግን በዚያ ቀን ሆነ። በኋላ ደርግ የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 ወሰደው፤ ደርግ ሲወድቅ በዓሉ ወደ ቦታው ተመለሰ። ቀን እንደ መሬት ሲነጠቅና ሲመለስ ያየሁት በዚህ ብቻ ነው። ከውጭም አንድ ነገር ጨመርኩበት፤ በ1953 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 የመጀመሪያው አሜሪካዊ ወደ ጠፈር ተወንጭፎ ከሩብ ሰዓት በኋላ በሰላም ባሕር ላይ ወርዷል። የሄደ ሁሉ የሚመለስበት ቀን ነው ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ኮራሁም፣ አልዋሽዎትም።

ሌላም ነገር ነበረበት። ንጉሡ ሚያዝያ 24 በባቡር ከወጡ በኋላ ጠላት እስኪገባ ድረስ አራዳ በገዛ ሰዎቿ እጅ ተዘርፋ ተቃጥላለች። ሱቆቹ ተሰብረዋል፣ እሳቱ ከመንገድ መንገድ ዘሏል። ይህን ከተማ የምንወድ ከሆነ ይህንንም አብረን መናገር አለብን ብዬ አንድ አንቀጽ ጻፍኩ።

ማቲያስ አንብቦ ፊቱን አጨማደደ። «ይሄ በበዓል ቀን አይነገርም፤ ሰው ሥጋውን እየቆረጠ ነው የሚሰማን» አለና የዝርፊያውን አንቀጽ አወጣው። ቀጠለና «የቀረው ሦስት ነገር ብቻ? ቀኑ አነሰብኝ፤ ትልልቅ ስም አምጪልኝ» አለ። ስልኩን አውጥቶ ሜይ 5 ብሎ ፈለገ። ካርል ማርክስ የተወለደበት፣ ናፖሊዮን የሞተበት ሆኖ አገኘው። «ይኸውልሽ! ማርክስ እኮ እኛው አጠገብ ሐውልት ያለው ሰውዬ ነው!» ብሎ አጨበጨበ።

እኔም ተው፣ እነዚህ ሁለቱ በዚህ ቀን አይገቡም አልኩት። ሜይ 5 በሚያዝያ 27 መዋል የጀመረው ፈረንጆቹ በ1900 ዓመታቸው አንዲት ቀን ከዘለሉ ወዲህ መሆኑን አስረዳሁት። እነሱ የዚያን ዓመት ፌብሩዋሪ 29 ሳይቆጥሩ አለፉ፤ እኛ ግን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት እያደረግን ሳንዘል መጣን። ስለዚህ ከዚያ በፊት የነበረው ሜይ 5 በእኛ ሚያዝያ 28 ነው። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ገናችን በፈረንጅ ጃንዋሪ 6 እንጂ እንደ ዛሬው በ7 አይውልም ነበር አልኩት። ማርክስም ተወለደ፣ ናፖሊዮንም ሞተ፣ ሁለቱም ከዚያ ዝላይ በፊት ነው። ይህን ከማን እንደተማርኩት ለእርስዎ አልነግርም። ሌሎች ልጆች ሜዳ ላይ ኳስ ሲያሯሩጡ፣ እኔ ደጃፍ ላይ ከጎንዎ ተቀምጬ በጣቴ አንጓ ዓመት ስቆጥር ነው ያደግሁት።

ማቲያስ ሳቀብኝ። «ለአንዲት ቀን ብለሽ ነው? አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሬዲዮ ነው እንጂ የሊቃውንት ጉባኤ አይደለም፤ ማን ይቆጥራል?» አለኝ። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ እሱና የድምፅ ባለሙያው ካሕሳይ። ካሕሳይ እንደ ልማዱ «አንዲት ቀን እኮ ለታሰረ ሰው ብዙ ናት» ብሎ ቀለደ። ሁላችንም ሳቅን። ይህን ሳቅ ያስታውሱልኝ።

በበዓሉ ጠዋት ማቲያስ ሁሉንም እንዳሻው አድርጎ አነበበው። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ቆሜ ጥርሴን ነክሼ እሰማለሁ። የአድማጭ ስልክ ተከፈተ። አንዲት ሴትዮ ለወንድሟ እንኳን አደረሰህ አለች። ከእሷ ቀጥሎ የመጣው ድምፅ የእርስዎ ነበር።

አባዬ፣ ወደ መስታወቱ ተጠጋሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ደውለው አያውቁም። «መሪጌታ ዘገዬ ነኝ፣ ከጎባ» ሲሉ ማቲያስ ቅንድቡን እንኳ አላነሳም፤ ዘገዬ የሚባል ሰው ሞልቷል። የማን አባት እንደሆኑም አልተናገሩም፤ ጨዋነትዎ ነው። «እንኳን ለድል በዓል አደረሳችሁ፤ የጀርመኑ ሰውዬ ልደትና የፈረንሳዩ ንጉሥ ሞት ግን በእኛ ሚያዝያ 28 ነው፤ አንዲት ቀን ወደ ኋላ ጎትታችኋቸዋል» አሉ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት። እግዚአብሔር ራሱ ጎባ ወርዶ ምስክር አመጣልኝ አልኩ።

ማቲያስ ሳቅ አለ፣ ያን አድማጭ የሚወድለትን ሳቅ። ከዚያም «መሪጌታ፣ እውነትዎን ነው፣ እናመሰግናለን። ይህን ክፍል የምታዘጋጅልን ጽዮን ዘገዬ የምትባል ወጣት ናት፤ ገና በመማር ላይ ነች፤ ይለፏት» አለ።

ስሜ ተጠራ። ካሕሳይ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ። ከዚያ ድምፅዎ ተመለሰ፤ ቀጥኖ ነበር። «ጽዮን ልጄ ናት። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ስለ እርሷ አድማጮችን ይቅርታ እጠይቃለሁ» አሉ። ማቲያስ ከወንበሩ ብድግ ሊል ምንም አልቀረው። «አድማጮቻችን፣ ይህ ነው ወላጅ ማለት!» ብሎ ጮኸ።

ያቺ ንግግርዎ በማግስቱ በየሰዉ ስልክ ዞረች። እርስዎ እዚያ ሆነው አያዩትም እንጂ ዝነኛ ሆነዋል። «ልጁን በአየር ላይ ያረመው አባት» ይሉዎታል። «እንዲህ ያለ አባት ድሮ ቀረ» እያለ የሚያለቅስም አለ። የእኔን ደግሞ ፒያሳን ስለሚያውቋት መገመት አያቅትዎትም። ሁልጊዜ የምገባበት ካፌ አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ፣ በታላቅ አክብሮት «ማኪያቶሽን ዛሬ ላምጣው ወይስ ነገ?» አለኝ። ታክሲ ተራ ላይ አንዱ ረዳት «ሃያ ስምንቷ! ግቢ እንጂ፣ ትናንት ነው የምንነሳው!» ብሎ መኪናውን ሙሉ አሳቀብኝ። እኔም ስቄያለሁ። አራዳ በባዶ እጁ አይሰድብም፤ ቀልድ ጠቅልሎ ነው። ከታክሲው ስወርድ ግን ሳቁ እዚያው ቀረ፣ ስሙ አብሮኝ ወረደ። በዚህ ከተማ ያለኝ ስሜ ብቻ ነው አባዬ፤ ቤት የለኝ፣ ዘመድ የለኝ ከእትዬ አልጋነሽ በቀር። የታሪክ ሰው ስሙ ቀን የማያውቅ ተብሎ ከወጣ ማን ያምነዋል?

ከበዓሉ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ቅዳሜ ግንቦት 9 በአድማጮች መድረክ ላይ አጭር ይቅርታ እንዳነብ፣ ከዚያ ነገሩ እንደሚዘጋና ውሌም እንደሚታደስ ነገረኝ። አላነብም አልኩት። ስህተቱ የማን እንደሆነ ይነገር አልኩ። ካሕሳይ ይጠራልኝ አልኩ፤ ተጠራ። ያ የቀለደ ሰውዬ፣ ያ አብሮን የሳቀው፣ መሬት መሬት እያየ «እኔ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ነበር» አለ። መስማት ሥራው የሆነ ሰው! ሥራ አስኪያጁም እጁን ዘርግቶ «አባትሽ እንኳ አምነዋል እኮ! ከወለደሽ ሰው በላይ ምስክር ከየት ላምጣ?» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሬን የሚያንከራትተው ይህ ቃል ነው። ስለ እኔ መስክረው ቢሆን ኖሮ «አባት አይደል፣ ያደላል» ይሉዎት ነበር፤ ማንም አይሰማዎትም። በእኔ ላይ ሲሆን ግን ሊቅ ሆኑላቸው። ዝም ብዬ መውጣት አልቻልኩም። ሥራ አስኪያጁ «ጽዮን፣ ይቅርታ እኮ ቀረጥ የለበትም» ሲለኝ «ቀረጥ ባይኖርበትም ባለቤት አለው» ብዬው በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

ማቲያስ ደረጃው ላይ ጠብቆኝ ነበር። አልተሳደበም፤ ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር። «ጽዮንዬ፣ ቂም አትያዢ። አባትሽ ይደውላሉ ብዬ በምን ልወቅ? የኔ ስም እኮ የጣቢያው ስም ነው፤ ከቆሸሸ ሁላችንም ቆሸሽን። ያንቺ ገና ለጋ ነው፣ ይታጠባል። ስም ሲኖርሽ አንቺም በአንዱ ታላክኪያለሽ» አለኝ፣ ያውም እንደ ታላቅ ወንድም ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ። እጁን ከትከሻዬ ላይ አንስቼ መልሼ ሰጠሁት።

እትዬ አልጋነሽ መጀመሪያ ከእነሱ ጋር ነበረች። «ይቅርታ ብትይ ምንሽ ይጎድላል? አባትሽ ይቅርታን እንደ ጠበል ለሁሉ ሲረጭ ኖሮ ምን ሆነ?» ትለኝ ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን ማቲያስ ራሱ ሱቋ ድረስ መጣ። ሽማግሌ ይሁኑን፣ ያግባቡልን ሊላት ነው። ባዶ እጁን ላለመግባት ጧፍ አነሳ። እሷም ጧፉን እየጠቀለለች «ልጄ፣ ይሄ የማን ስለት ነው?» አለችው። «የኔ ነው» አላት። «ያንተ ከሆነ ራስህ ሄደህ አብራው፤ በሰው ልጅ እጅ አታስበራ» አለችና ቀጣዩን ገበያተኛ ጠራች። ማቲያስ ያን ሁሉ ድምፅ ይዞ፣ ጧፉን ባንኮኒው ላይ ትቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ስለ ይቅርታ ተናግራኝ አታውቅም።

አባዬ፣ አሁን ወደ እርስዎና ወደ እኔ ልመለስ። የጎረቤት በቅሎ ገብሳችንን የበላች ጊዜ ትዝ ይልዎታል? ባለ በቅሎው ሊክስ ሲገባው፣ እርስዎ ነጠላዎን አጣፍተው ደጁ ድረስ ሄዱ። «አጥራችን ዝቅ ብሎ በቅሎህን አሳሳተብህ» ብለው ይቅርታ ጠየቁት። ሰውየው እስከ ዛሬ ሲያገኝዎ ጎንበስ ይላል። እማዬ ለአንድ ሳምንት አኮረፈች፤ እኔ ግን ልጅ ሆኜ እንኳ እንዲህ ያለ ሰው ልጅ መሆኔ ያኮራኝ ነበር። አሁንም ያኮራኛል። ገብሱ የእርስዎ ነበር፤ የራስዎን ገብስ ለፈለጉት ይተዉለት። ስሜን ግን የዘራሁት እኔ ነኝ። በእሱ ላይ ለገባች በቅሎ እርስዎ ይቅርታ መጠየቅ አይችሉም።

እማዬ በዚያ ስልክ አንድ ነገር ነግራኛለች፤ ምን እንደነገረችኝ የገባትም አይመስለኝ። ሬዲዮውን ሲሰሙ «ይሄ የጽዮን እጅ አይደለም፤ አንባቢው ከራሱ የጨመረው ነው» ብለው ነው አሉ ስልኩን ያነሱት። እንግዲህ ያውቁ ነበር! ከቅዳሴ መልስ፣ ገና ነጠላዎን ሳያወልቁ፣ ማንም ሳይነግርዎ እውነቱን አውቀውት ነበር። ልጅዎን ከዚያ ከጎባ ሆነው በአንዲት ቀን ልዩነት ለይተው አወቋት። ታዲያ አንድ ድምፀ መልካም ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲናገር እንዴት ተውት? ማርክስን ሲሰሙ ተጠራጠሩ፤ ናፖሊዮንን ሲሰሙ ተጠራጠሩ። የእኔን ስም ሲሰሙስ ለምን አልተጠራጠሩም?

ይህን የምጠይቅዎ ላስለቅስዎ አይደለም። ምናልባት ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠብቁት የነበረው ስም በድንገት ሲጠራ ደስታውና እፍረቱ ተደባልቆብዎት ይሆናል። ምናልባት ሰው ፊት ልጄን ከምሟገትላት ራሴን ዝቅ ላድርግ ብለው ይሆናል። ይገባኛል። ቢገባኝም አልቀበለውም። ስንት ሴት ልጅ ነች በዚህ አገር አባቷ፣ ወንድሟ፣ ባሏ አስቀድሞ ይቅርታ ጠይቆላት፣ ጥፋተኛ አለመሆኗን መናገሪያ ቦታ ያጣች! ይቅርታ ከተጠየቀላት በኋላ የምትናገር ሴት ክርክር ወዳድ ትባላለች። ሰሞኑን እኔም ተብያለሁ። ይበሉኝ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ደብዳቤ ሌላ ነበር፤ ቀድጄ ጣልኩት። በእሱ ላይ እባክዎ መልሰው ይደውሉ፣ ይቅርታዎን ያንሱልኝ ብዬ ለምኜዎት ነበር። አራት ኪሎ ስደርስ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። በአባቴ አፍ የጠፋ ስሜ በአባቴ አፍ ከተመለሰ፣ መቼም የእኔ አይሆንም። ይህን እኔው ራሴ መናገር አለብኝ።

ስለዚህ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ወደ ማይክሮፎኑ እገባለሁ። ይቅርታ ልታነብ ነው ብለው ነው የሚያስገቡኝ፤ እኔ ግን እንደማላነብ ለሥራ አስኪያጁ በፊቱ ነግሬዋለሁ፣ አታለለች ተብዬ አልታማም። «ሲደርስ ትበርጃለሽ» ብሎ ሳቀ። የምናገረው አጭር ነው። ጽዮን ዘገዬ እባላለሁ እላለሁ። ለሚያዝያ 27 ያዘጋጀሁት ይህ፣ ይህና ይህ ነበር እላለሁ። አራዳ በገዛ ሰዎቿ መቃጠሏም ነበረበት፤ ወጥቷል። የማርክስ ልደትና የናፖሊዮን ሞት በእኛ ሚያዝያ 28 መሆኑን ለአንባቢው አስቀድሜ ነግሬዋለሁ፤ ጨምሮታል። የሆነው ይህ ነው ብዬ እጨርሳለሁ። ማንንም አልሰድብም። ይቅርታ የሚል ቃል ግን አይኖርበትም።

ሥራው እንደሚሄድ አውቃለሁ። ልቤ የሚሯሯጠውም ለዚያ ነው፤ ፈርቻለሁ፣ አልደብቅዎትም። እትዬ አልጋነሽ «ባንኮኒው ሰፊ ነው፣ ሁለት ሰው ያቆማል» ብላኛለች። እስከዚያው የተማሪዎች ጽሑፍ አርማለሁ፣ አስጠናለሁ፤ ከዚያ ሌላ በር አንኳኳለሁ። ስሜን ይዤ ካንኳኳሁ አንዱ መከፈቱ አይቀርም።

ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቅዳሜ ሬዲዮውን ይክፈቱ፣ እማዬንና እንቁን አጠገብዎ ያስቀምጡ፤ ምንም ቢሰሙ ግን አይደውሉ። ቢከፋዎትም፣ ቢኮሩብኝም አይደውሉ። ካሕሳይ ቁልፉ በእጁ ነው፤ አቋርጥ ከተባለ ያቋርጠኛል፤ ልጆች አሉት፣ አልፈርድበትም። እየተናገርኩ ሳለ በመሃል ድንገት ዘፈን ከገባ፣ ልጄ ይቅርታ አልጠየቀችም ብለው ይወቁ። ዘፈን ሳይገባ ከጨረስኩ ደግሞ አገር ሁሉ ሰማ ማለት ነው። በሁለቱም መንገድ መልሱ አንድ ነው።

ከዚያ በኋላ፣ ሲያሻዎት፣ ለጠየቅሁዎ ጥያቄ በእጅዎ ጽፈው ይመልሱልኝ። ቢቆጡም ይቆጡ። ከእርስዎ ጋር ተቆጥቼ መኖር እችላለሁ፤ ከእርስዎ ተደብቄ መኖር ግን አልችልም።

የእማዬን ጉልበት ይሳሙልኝ፤ የእንቁን ጫማ ነገር አልረሳሁም፣ ቁጥሯን በትክክል ትላክልኝ። እንቁን፣ ማንም ስለ አንቺ ሲናገር «እኔ አለሁ» በይ ብላሻለች ይበሏት፤ አሁን ባይገባት ይቆይ። ሶፊያን ስለ ሬዲዮው ያመስግኑልኝ፣ ባትጭንልዎ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር ብዬ እንደቀለድኩም ይንገሯት። ይህን ለሚያደርሱልኝ ለወይዘሮ ረይሀና መንገዱን ሁሉ ላስቸገርኳቸው እጅ ነስቻለሁ። ዜማ የሚያስተምሯቸውን ደቀ መዛሙርትዎን በሙሉ ሰላም ይበሉልኝ። እትዬ አልጋነሽም ሰላምታዋን ጨምሪልኝ ብላለች፤ «ወንድሜ ዝም ማለትንም ይማር» ያለችውን ግን አልጽፍም።

ምርቃትዎ አይለየኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ትንሽ ጠንከር አድርገው ይመርቁኝ።

ልጅዎ
ጽዮን ዘገዬ

ሙሉ ስሜን የጻፍኩት እርስዎ ስለማያውቁት አይደለም። ቅዳሜ እስክጠራው ድረስ እጄ ይልመደው ብዬ ነው።

አራዳ፣ አዲስ አበባ
እሑድ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.